መሬቱ እዚያው አለ፣ የጠፋው ምኑ ነው?

አጎቴ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ከተኙት የገጠር ቀበሌዎች በአንደኛው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በቤታቸው ውስጥ ከምንም በላይ ተጠንቅቀው የሚያኖሩት ነገር ቢኖር አንድ ስስ ደብተር ነው። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላስቲኩ በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት እርሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ደብተር ሲባል የተማሪ ደብተር የመሰለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በአማራ ክልል ለገበሬዎች የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ «አረንጓዴ ደብተር» የሚባለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሳቸው እኅት፣ አክስቴ፣ ዐረፉ። ሁለት ቃዳ መሬት ነበራቸው። (ቃዳ ምን እንደሆነ ለማያውቅ የከተማ ሰው፦ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል።) መሬቱ አብራቸው ትኖር ለነበረችው ልጃቸው መዛወር ነበረበት። አጎቴ የሟችን ደብተር ይዘው፣ ልጅቱን አስከትለው ወደ ወረዳ ሲሄዱ እኔም ለጥየቃ ሄጄ ነበርና አብሬ ተጓዝኩ። የወረዳውን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የትም ሊደርስ ይችል የነበረ ነው።

ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ትሑት ልጅ ነው። ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ፤ ጻፈ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣

«አባቴ፣ ይኸ ይዞታ ሲስተሙ ላይ የለም» አላቸው።

አጎቴ አልተቆጡም። በርግጥ የገባቸውም አልመሰለኝም። ጥቂት አሰቡና፣

«መሬቱማ እዚያው አለ ልጄ። ዛሬ ጧት አልፌበት ነው የመጣሁ። የጠፋው ምኑ ነው?» አሉት።

ይህች ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስመረምራት ደግሞ አዲስ ሆና አላገኘኋትም። ጎጃም ውስጥ መሬቱ እዚያው እያለ፣ ስለ መሬቱ ሌላ ቦታ የተጻፈው ነገር ግን መሬቱን ማግኘት ያቃተው ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም።

ስለ እትም

እዚህ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት መናገር ግድ ይለኛል። ባለሙያ አይደለሁም፤ ያለችኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ናት። ይሁንና ባለሙያዎቹን ጠይቄ የተረዳሁትን ልናገር።

የመሥሪያ ቤትን አሠራር (ማን አመልካች ይቀበላል፣ ማን ያጣራል፣ ማን ይፈርማል የሚለውን) በኮምፒዩተር ማስኬድ ሲፈለግ ፕሮግራሙ በአንድ ቦታ ይዘጋጃል። ባለሙያዎቹ ግን ያዘጋጁትን በቀጥታ ሰው ወደሚገለገልበት ኮምፒዩተር አይጭኑም። መካከል ላይ መሞከሪያ የሚሆን ሌላ ኮምፒዩተር አለ። በዚያ ላይ እውነተኛውን የሚመስል መረጃ ተጭኖ ይፈተናል። የተሰነካከለው ይታረማል። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር ተሰጥቶት፣ እንደ መጽሐፍ እትም «ይህ ሦስተኛው ነው፣ ይህ አራተኛው ነው» እየተባለ ወደ ሥራ ቦታው የሚዛወረው። ሲዛወርም ድንገት ቢበላሽ ወደ ቀድሞው እትም መመለሻ መንገድ ይዘጋጅለታል። ጠቅላላው ጥበብ ይኸው ነው፦ ማዘጋጃ፣ መሞከሪያ፣ መሥሪያ፤ በሦስቱ መካከል ደግሞ ጥንቃቄ የተሞላበት ዝውውር።

ቀላል ይመስላል። ግን ሀብታሞቹም ይሳሳታሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2013 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጹን በቂ ሙከራ ሳያደርግ ለአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር በአንድ ቀን ከፈተው። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻው የዘለቁት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ ታወቀ።

ኮምፒዩተር ይህን ችግር አልፈጠረውም። አንድ አሠራር ከተጻፈበት ቦታ ተነሥቶ ወደሚሠራበት ቦታ መዛወሩ ከኮምፒዩተር በፊትም ነበር። በእኛ አገር የሚጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ከዚያም አልፎ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ነው። መሞከሪያው የቱ ነበር? የጎጃምን የመሬት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብናየው ብዙ ነገር ይገለጣል።

የአባት ስምና የሰው ስም

ከፍኖተ ሰላም በላይ ባለው ደጋ፣ ደጋ ዳሞት በሚባለው አገር፣ አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1950ዎቹ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። መጽሐፉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ታትሟል። እኛ «ርስት» ስንል የአባት መሬት ማለታችን ነው፤ ሆበን ያየው ግን ከዚያ በጣም የተወሳሰበ ነበር።

መሬቱ መጀመሪያ ያቀናው አባት አለ። ከዚያ አባት በወንድም በሴትም በኩል የሚወለድ ሁሉ ድርሻ አለኝ ማለት ይችላል። አንድ ሰው ደግሞ አያቶቹ ብዙ ናቸውና በብዙ ቦታ ርስት መጠየቅ ይችላል። የሚያርሰው ግን ሙግት አሸንፎ፣ ወይም ዘመድ ፈቅዶለት የያዘውን ነው። ስለዚህ የአንድ ገበሬ ማሳ እዚህ አንድ ጥማድ፣ እዚያ ማዶ ግማሽ፣ ቆላ ወርዶ ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ያለው ነገ በሙግት ሊያንስ ወይም ሊጨምር ይችላል። ግብሩ የሚቆጠረው በአቅኚው አባት ስም፣ ለርስቱ በጠቅላላው ነው፤ ተወላጆቹ እንደየድርሻቸው ያዋጣሉ።

እንግዲህ አዲስ አበባ የተቀመጠ ጸሐፊ «የባለ መሬቱ ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ የግብሩ ልክ» የሚል ሠንጠረዥ አስምሮ ቢልክ፣ ጎጃም ሲደርስ የመጀመሪያው አምድ ራሱ የሚሞላው ያጣል። ባለ መሬቱ ማነው? የሞተው አባት ነው? የሚያርሰው ነው? ወይስ ነገ ፍርድ ቤት የሚያሸንፈው?

ሠንጠረዡ ተልኳል። ጠላት በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በየጋሻው 15፣ 10 እና 5 ብር ይከፈል አለ። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ነው። በደቡቡ ክፍል መሬት ከቀድሞ ጀምሮ በጋሻ ይቆጠር ስለነበር ሠንጠረዡ የሚጽፍበት አገኘ። ጎጃም ግን ጋሻ አያውቅም፤ ያልተለካ አገር ነው። ሕዝቡ ልኬትን እምቢ አለ፤ ግጭትም ተነሣ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ተከታዩ ሕግ በጋሻ የሚታሰበውን ግብር ለሌላው አገር ሲደነግግ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግሬን ለይቶ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ልማድ የመሬት ግብር እንዲከፍሉ ተዋቸው። በኮምፒዩተር ሰዎች ቋንቋ ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ማለት ይህ ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። ትምህርቱ የተረሳ ይመስላል።

1960 ዓ.ም.

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁን ዛሬ ረጋ ብሎ ላነበበው ክፉ ሕግ አይደለም። የጥንቱን አሥራት ያስቀራል። ግብሩን በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ፣ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲከፍል አድርጎ ይጥላል። በወረቀት ላይ ከቀደመው የተሻለ እትም ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ገቢው እንዴት ይታወቃል ከሚለው ላይ ነው። ገበሬው የሂሳብ መዝገብ የለውም። ስለዚህ በየአካባቢው የሚቋቋሙ ገማቾች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ሰብሉን አይተው ይገምቱ ተባለ። ይህ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው፦ ማሳው የማን እንደሆነ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ገማቹ የታመነ መሆኑ። ጎጃም ውስጥ የመጀመሪያው በሙግት ላይ ነበር፤ ሁለተኛው አይታወቅም፤ ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ አልነበረም።

ሦስተኛው አልነበረም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የከበዱ ገዢ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ገበሬው በየምክንያቱ ሲዋጣ፣ ሲከፍል ኖሯል። አዲሱ አሠራር የመጣው እነዚያኑ ሲያስከፍሉት የኖሩትን ሹማምንት ይዞ ነው። አሮጌ ቁስል ላይ አዲስ ፋሻ ቢጠመጠም ከላይ ንጹሕ ይመስላል፤ ከሥር ያለውን የሚያውቀው ግን ቁስለኛው ነው።

ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። ፍርሃቱ በሰንሰለት የተያያዘ ነው፦ ሰብሉ ከተገመተ መሬቱ ይለካል፤ መሬቱ ከተለካ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ርስትነቱ ይቀርና እንደ ደቡቡ አገር የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ ጌታ የሚመጣበት ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰዎች ይህን ሰንሰለት አላዋቂነት አድርገው ነበር ያዩት። አዋጁ ስለ ርስት አንድ ቃል አይናገርማ! እኔ ግን ገበሬው አሠራሩን ከጸሐፊዎቹ ይልቅ አርቆ ያነበበ ይመስለኛል። አንድ ቅጽ ሲሞላ የሚቀጥለው ቅጽ ምን እንደሚጠይቅ አስቦ ነበር።

ገማቾቹ ወደ ቀበሌዎቹ መግባት አቃታቸው። በ1960 ዓ.ም. አጋማሽ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ሸፈተ። መጀመሪያ አቤቱታ፣ ከዚያ ድርድር፣ ከዚያ ተኩስ ሆነ። መንግሥት ወታደር አዘመተ፤ በአየር ኃይል አውሮፕላንም መንደሮች ተደበደቡ። የግብር ቅጽ ለማስሞላት አውሮፕላን ተነሣ ማለት ነው።

በክረምቱ መጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ድረስ መጥተው ጎበኙ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። አዋጁ ከሕግ መጽሐፍ አልተሰረዘም፤ በጎጃም ግን በተግባር ሳይሠራበት ቀረ። ይህም ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ነው፤ ብቻ የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ በሬሳ ላይ ተረማምዶ የተደረሰበት ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ አመጽ ሲነሣ የጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይወድም ተብሎ ይታለፋል። ይህ አስተያየት ያናድደኛል። በዚያ ሰሞን አንድ ወረዳ ተመርጦ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ «እስቲ ይኸን ቅጽ እንሙላውና የት ላይ እንደሚያስቸግር እንየው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው አምድ ላይ ሲደርሱ ነገሩ በገባቸው ነበር።

ገመድና ዝርዝር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ሙግት አበቃ። ይህ በራሱ ረጅም ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የመሬቱ መዝገብ በገበሬ ማኅበሩ እጅ መውደቁ ነው፤ መዝገቡ የሚታደሰውም ድልድል በመጣ ቁጥር ነበር።

የመጨረሻው ድልድል በ1989 ዓ.ም. መጣ። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ትልልቆቹ ሲያወሩ እኛን ከቤት ያስወጡን እንደነበር ነው። የአማራ ክልል ያወጣው የድልድል መመሪያ ገበሬውን በምድብ ከፈለው። በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበሩት «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት ባላባት የነበሩት «የፊውዳል ቅሪት» ተባሉ። በእነዚህ ምድቦች የተጻፈ ሰው ከአራት ቃዳ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው ገበሬ ግን እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ፣ ወይም ጎረቤቱ ተሰብስቦ የሾመው ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቀለለ። ከጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ከ1960ው የሚለይ ነገር አለ። ያኔ ቅጹ ጎጃምን ማንበብ አቅቶት ነበር። በ1989 ግን በሚገባ አነበበው፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የአገሩ ሰዎች ነበሩና። ችግሩ የታረመበት አለመኖሩ ነው። ስሙ በምድቡ የሰፈረ ሰው «ተሳስታችኋል» ብሎ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት የሚሟገትበት ቀን አልተሰጠውም።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «መሬት ልንለካ ነው» የሚሉ ሰዎች ሲመጡ ጎጃም ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እኔ የሚገርመኝ ይኼ ነው፦ ለኩ። አጎቴም ገመድ ያዙላቸው።

እንዴት ሆነ? የክልሉ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ ሥራውን የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ከዚያ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራው በሁለት ወረዳዎች ተሞከረ፤ አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን፣ ሁለተኛው ደቡብ ወሎ ደሴ ዙሪያ። በመላው ክልል አልተጀመረም። በሙከራው በዘመናዊ መሣሪያ መለካት ታይቷል። መሣሪያው ትክክለኛ ነው፤ ግን ውድና አዝጋሚ ነው፤ ለሚሊዮኖች ማሳ የሚዳረስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች የተዛወረው እትም በገመድ የሚለካው ሆነ። ፈረንጅ አገር የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ውሳኔ ይህ ነው። በሙከራ ቦታ የሠራው ሁሉ በሥራ ቦታ እንደማይሠራ አምኖ ማቃለል ድፍረት ይጠይቃል።

ገመዱን የያዘው ከላይ የመጣ ገማች አልነበረም፤ በየቀበሌው ሕዝቡ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ማሳው ሲጻፍ ስፋቱ ብቻ አልተጻፈም፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ተብሎ አዋሳኙ ተመዘገበ። ከዚያ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይገለጥና የሚቃወም ይቃወማል። ደብተሩ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶግራፍ አለ። በ1960 ዓ.ም. ያልነበረውና በ1989 ዓ.ም. የተዘለለው መሞከሪያ፣ ማለትም የጎረቤት ዓይን፣ በአሠራሩ ውስጥ ገባ።

ገበሬው ደብተሩን የወደደው መንግሥትን ስላመነ ነው የሚሉ አሉ። የአጎቴ ምክንያት ሌላ ነው። «ሌላ ድልድል ቢመጣ የማሳየው ነገር አለኝ» ይላሉ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ወረቀት ያዘ እንጂ።

ከወረቀት ወደ ሳጥን

ደብተሩ ከተሰጠ በኋላ ሰው መሞቱን፣ መጋባቱን፣ መፋታቱን፣ ለልጁ ማውረሱን አላቆመም። ለውጡን ሁሉ ወረዳ ሄዶ የሚያስመዘግብ ግን ጥቂት ነው። መዝገቡ አረጀ። በዚህ ላይ ለወረዳ አንድ ክፍል ሙሉ መዝገብ ማገላበጥ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ግድ ሆነ። በክልሉ መጀመሪያ «ኢስላ» የሚባል ፕሮግራም ተሠራና የደብተሮቹ መረጃ በየወረዳው ይገባበት ጀመር።

ቀጥሎ ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ መጣ። በፊንላንድ መንግሥት የሚደገፈው «ሬይላ»፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት የሚደገፈው «ሊፍት» የተባሉት ፕሮጀክቶች በዚህ ተሳትፈዋል። አሠራሩ ደስ ይላል። ከአየር የተነሣ ፎቶ ታትሞ ወደ ማሳው ይመጣል፤ ገበሬው በጎረቤቱ ፊት ድንበሩን በጣቱ ያሳያል፤ መስመሩ ፎቶው ላይ ይሠመራል፤ ካርታው እንደገና ለሕዝብ ይገለጣል። በ1960 ዓ.ም. ከላይ የመጣው አውሮፕላን ቦምብ ነበር የጣለው፤ አሁን የመጣው ፎቶ አንሥቶ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ታሪክ ሲሠራው ማንም አያምነውም።

ይህ ሁሉ ካርታና ስም የሚገባበት ነው እንግዲህ አዲሱ፣ አገር አቀፉ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት፣ በምሕጻረ ቃሉ «ኤንአርላይስ»። ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይ፣ ፍቺ፣ የድንበር እርማት፣ ሁሉም በውስጡ የየራሱ መንገድ ተቀይሶለታል። በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ፣ ከዚያ ወረዳ በወረዳ እየተተከለ ሄዷል። ከ1960 ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ነገር ግን ወረዳ በወረዳ መትከል ማለት የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ማጋባት ማለትም ነው። የአክስቴ ነገር የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ በትዕግሥት ሲሞክር ቆይቶ ነገሩ ተገለጠለት። የአክስቴ ስም በደብተሩ ላይ የተጻፈው በፀሐዩ «ፀ» ነው። ለእኛ ፀሐዩ «ፀ»ም ሆነ ጸሎቱ «ጸ» ድምፁ አንድ ነው፤ ቄሶቹ ካልተቆጡ በቀር ማንም አይጣላበትም። ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ እንደ በሬና ፈረስ የተለያዩ ናቸው። ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ሀሌታው «ሀ» እና ብዙኃኑ «ኀ»ም እንዲሁ። በገመድ ዘመን የጻፈው የቀበሌው ጸሐፊ የቤተ ክህነት ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ደግሞ የኮሌጅ ምሩቅ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አንዲት ፊደል ተቀየረች፤ ከፊደሏ ጋር ሁለት ቃዳ መሬት ተሰወረ። ፕሮግራሙ ስሞቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል በተጻፉበት መረጃ ተሞክሮ ከሆነ ይህ ስሕተት አይታይም። የሚታየው እዚህ፣ ሬሳ ከተቀበረ በኋላ፣ ወራሽ ቆማ ነው።

ሠራተኛው በ«ጸ» ፈለገ፤ ሌላ ሰው መጣ። የአያት ስም ጨምሮ ፈለገ፤ ምንም አልመጣም። መብራቱ ጠፋ። እስኪመጣ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ሠራተኛው ይህ ምንም አይደለም ብሎ አጫወተን። እውነቱን ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ተነሥቶ ገጠር መውረድ ራሱ የነፍስ ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ነው። በእንደዚያ ያለ ወቅት መሬቱን የሚያስረዳው በአጎቴ ሣጥን ውስጥ ያለው ደብተር ብቻ ነው። ደብተር መብራት አይፈልግም።

መብራቱ ሲመጣ አጎቴ፣

«የእኔንስ ታገኘዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

የእርሳቸው ተገኘ። ካርታው ወጣ። አጎቴ መሬታቸውን ከሰማይ ሆነው ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ወንዙ ይኸው። ይኸ የእኔ ነው። ይኸች ደግሞ የዋንዛዋ ጥላ ናት። እንግዲያ ከዋንዛዋ ወዲያ ያለው የእኅቴ ነው።»

ልጁ ከዋንዛዋ ወዲያ ያለውን ነካው። የአክስቴ ስም በጸሎቱ «ጸ»፣ የአባታቸው ስም አንድ ፊደል ጎድሎት፣ ወጣ። በስም የጠፋው መሬት በአዋሳኝ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የእርማት ማመልከቻ ተጻፈ፣ አዋሳኞች ተጠርተው መሰከሩ፣ ለተቃዋሚ ጊዜ ተሰጠ። የአክስቴ ልጅ ማረጋገጫዋን ከብዙ ሳምንት በኋላ ተቀበለች። አጎቴ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው አገላብጠው አዩትና ለእኔ አቀበሉኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ። የእናቷ ስም ላይ ያለችውን ፀ እስቲ እያት» አሉኝ።

አየኋት። አሁንም ጸሎቱ «ጸ» ናት። ነገርኳቸው።

አጎቴ ምንም አልመለሱም። አዲሱን ወረቀትና የእኅታቸውን አሮጌ ደብተር አንድ ላይ አድርገው በላስቲክ ጠቀለሏቸው፤ ላስቲኩን በጨርቅ አሰሩት። «ሁለቱን አትነጣጥያቸው» አሏትና ለልጅቱ ሰጧት።